ከሙታን ተምሮ ለሕፃናት የተረፈ ሊቅ፤ የሐንስ ኪያሪ ሕይወትና ሥራ

ከታላላቅ ሰዎች ወገን ስማቸው በየቀኑ እየተጠራ እነርሱ ራሳቸው ግን የተረሱ አሉ። በዓለም ላይ ያሉት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ሐኪሞች ኪያሪ የሚለውን ስም ሳይጠሩ የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው፤ በበሽተኛ መዝገብ ላይ ይጽፉታል፤ የታመመ ልጃቸውን ይዘው ለመጡ ወላጆችም ይነግሩታል። ነገር ግን ይህ ስም የሕመም ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው ስም እንደ ነበረ፥ ያም ሰው እንዴት እንደ ኖረና በምን እንደ ደከመ የሚያስብ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የሐንስ ኪያሪን ታሪክ ለአንባቢያን ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ቃል

የሰውየውን ታሪክ ከመጀመራችን በፊት ስለ ሕመሙ መናገር ያስፈልገናል። የሰው አንጎል፥ ከአንጎልም ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ቁልቁል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር፥ እንደ ምንጭ ውሃ በጠራ ፈሳሽ ተከበው ይኖራሉ። በአንድ ዐዋቂ ሰው ውስጥ የሚገኘው የዚህ ፈሳሽ ልክ 150 ሚሊ ሊትር ያኽል ነው። ሰውነት ግን በቀን ግማሽ ሊትር ያኽል አዲስ ፈሳሽ ያመነጫል፤ አሮጌው ወደ ደም እየገባ በአዲሱ ይተካል። እንግዲህ ይህ ፈሳሽ የሚሄድበት መንገድ ሲጠበብና ሲታወክ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ እንደ ሸምበቆ ቀዳዳ ያለ ክፍተት ይፈጠርና በዚያ ይጠራቀማል። በ1820ዎቹ ዓመታት ኦሊቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ለዚህ ሕመም ሲሪንጎማይሊያ የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙን የወሰደው ሸምበቆን ወይም ዋሽንትን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ነው። ክፍተቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያያይዘውን ግንድ ሲይዝ ደግሞ ሲሪንጎቡልቢያ ይባላል።

ሕመሙ በሕፃን ላይ ሲደርስ አመጣጡ ተንኰለኛ ነው። ልጁ እንደ እኩዮቹ ይጫወታል፤ ይሮጣል፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ወላጆቹ መጀመሪያ የሚያዩት ምናልባት ጀርባው ወደ ጎን መጣመሙን ብቻ ነው። ወይም ሲያስልና ሲስቅ ማጅራቱን እየያዘ ራሴን አመመኝ ይላል። ወይም እጁ እየቀጠነ፥ እርሳስ መያዝ እየተሳነው ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የእጁ ነገር ነው። የሕመምንና የሙቀትን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱት ክሮች በኅብለ ሰረሰሩ ማኸል ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ክፍተቱም የሚከፈተው በዚያው ማኸል ስለ ሆነ አስቀድሞ የሚቈርጠው እነዚህን ክሮች ነው። የመዳሰስን ወሬ የሚያደርሱት ክሮች ግን በሌላ መንገድ ስለሚያልፉ ለጊዜው ይተርፋሉ። ስለዚህ ልጁ እናቱ እጁን ስትዳስሰው ያውቃል፤ እሳት ሲያቃጥለው ግን አያውቅም። ክፍተቱ ወደ አንጎል ግንድ ከወጣ ነገሩ ይከፋል፤ ልጁ ምግብ ሲውጥ ትን ይለዋል፤ ድምፁ ይጎረንናል፤ ፊቱ ይደነዝዛል፤ ሌሊት በእንቅልፉ ውስጥ ትንፋሹ እየቆመ ወላጆቹን ያስጨንቃል።

በ19ኛው ምእተ ዓመት ይህ ሁሉ ሳይታወቅ በነበረበት ጊዜ እንደዚህ ያለው በሽተኛ ሌላ መከራ ነበረበት። ጣቱ ተቃጥሎ የማያመው፥ ከቁስል ብዛትም ጣቶቹ የሚያጥሩ ሰው በጎረቤትም በሐኪምም ዓይን የሥጋ ደዌ በሽተኛ ይመስል ነበር። በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረው ስመ ጥሩ ሐኪም ዛምባኮ ፓሻ ሲሪንጎማይሊያ የሚባሉት ብዙዎቹ ሕመሞች በእውነቱ ሥጋ ደዌ ናቸው እያለ ከሐኪሞች ጋር ተከራክሯል። በዚያ ዘመን ሥጋ ደዌ የተባለ ሰው ከቤተ ሰቡና ከጎረቤቱ ይለይ ስለ ነበረ፥ ክርክሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ይረዳዋል። ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይቶ መመስከር ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሕያው ሰውን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ስላልነበረ ምስክርነቱ የሚገኘው ከሙታን ዘንድ ብቻ ነበር።

የልጅነቱና የትምህርቱ ዘመን

ሐንስ ኪያሪ በመስከረም 4 ቀን 1851 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። አባቱ ዮሐን ባፕቲስት ኪያሪ የታወቀ የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም ነበረ፤ በቪየና ከሠራም በኋላ ጥቂት ጊዜ በፕራግ አስተምሯል። ነገር ግን ገና የ37 ዓመት ሰው ሳለ በ1854 በኮሌራ ሞተ። ያን ጊዜ ሐንስ ዕድሜው 3 ዓመት ነበረ። ከእርሱ ቀጥሎ የተወለደው ወንድሙ ኦቶካርም ሕክምና ተምሮ በጉሮሮና በአፍንጫ ሕመም በቪየና የታወቀ ሊቅ ለመሆን በቅቷል። አባታቸውን በሕፃንነታቸው ያጡ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ሙያ ይዘው ሁለቱም ለታላቅ ደረጃ መድረሳቸው የሚያስመሰግን ነው።

ሐንስ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር ከተማይቱ ለዓለም ሐኪሞች እንደ ዋና ትምህርት ቤት ትቆጠር ነበር። ይህንንም ክብር ካስገኙላት ሰዎች አንዱ ካርል ሮኪታንስኪ ነው። ሮኪታንስኪ ሕመምን ማወቅ የሚቻለው በሽተኛው በሕይወት ሳለ የታየበትን ምልክት ከሞተ በኋላ በሬሳው ውስጥ ከሚገኘው ጉዳት ጋር በማስተያየት ነው ብሎ ያስተማረ ሊቅ ነበረ፤ በዘመኑም ከ30,000 በላይ ሬሳዎችን እንደ መረመረ ይነገርለታል። ወጣቱ ኪያሪ ይህ ሽማግሌ ሥራውን ሊተው በተቃረበበት ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ረዳቶቹ አንዱ ሆነ። በ1875 በሐኪምነት ተመረቀ፤ ከዚያም የሮኪታንስኪ ቦታ ለሪካርድ ሄሽል ሲሰጥ ከሄሽል ጋር በረዳትነት ሠራ። በ1878 ደግሞ የሕመም አናቶሚ ለማስተማር የሚያበቃውን ማዕርግ አገኘ።

ይህ ሥራ ወጣት ሰውን የሚማርክ አልነበረም። የሬሳ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ ከሬሳ የሚተላለፈውም መርዝ ብዙ ሐኪሞችን ገድሏል። በሽተኛ አድኖ ምስጋና የሚቀበል ሐኪም አለ፤ የሬሳ መርማሪን ግን የሚያመሰግነው የለም። ቢሆንም ኪያሪ በዚህ ሥራ ጸና። ገና በረዳትነቱ ሳለ በ1877 በማሕፀን ላይ ስለሚነሣ አንድ ዐይነት ካንሰር ጻፈ፤ ይህም በኋላ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ልዩ ሕመም መሆኑ ታውቋል። ከዚያም በኋላ በአፍንጫ አካባቢ ካለው አጥንት በተነሣ ሕመም ምክንያት አየር ወደ ራስ ቅል ውስጥ የገባበትን ሰው አሳወቀ። በነዚህ ሥራዎቹ ጠባዩ ይታያል፤ ይኸውም አንድ እንግዳ ነገር ባየ ጊዜ ሳያልፈው ቆሞ መመልከት፥ የተመለከተውንም ልክና ቅርፁን ሳያጎድል መጻፍ ነው።

በፕራግ ከተማ

በ1882 ኪያሪ አባቱ አንድ ጊዜ ወዳስተማረባት ወደ ፕራግ ሄደ። ጊዜው ለከተማይቱ የችግር ጊዜ ነበረ። ቼኮችና ጀርመኖች በቋንቋ ምክንያት ስለ ተጣሉ ጥንታዊው ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በጀርመንኛ፥ አንዱ በቼክኛ ያስተምር ጀመር። ኪያሪ በጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ የሕመም አናቶሚ መምህር ሆነ፤ የሕመም ቤተ መዘክሩም በእርሱ እጅ ነበረ። በዚያም 24 ዓመት ተቀመጠ። ስሙን ለዘለዓለም ያቆመለት ሥራ ሁሉ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው በ1882 ሁለት ሐኪሞች፥ አንዱ የሃይደልበርጉ ፍሪድሪክ ሹልትዘ፥ ሁለተኛው በፕራግ የነበረው ኦቶ ካህለር፥ ሲሪንጎማይሊያ ያለበት ሰው መዳሰስን እያወቀ ሕመምንና ሙቀትን የማያውቅ መሆኑን ገልጠው ጻፉ። በዚህ ምክንያት ሕመሙ በሕያው ሰው ላይ መታወቅ ጀመረ። የኪያሪ ፈንታ ደግሞ ክፍተቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ሆነ። በ1888 ስለ ሲሪንጎማይሊያ አመጣጥ ረዥም ጽሑፍ አወጣ፤ በውስጡም ይህ ክፍተት ሰው ሲፈጠር በኅብለ ሰረሰሩ ማኸል ከሚኖረው ቀጭን ቦይ ጋር ያለውን ዝምድና አሳየ።

ከዚህ ቀጥሎ ዓይኑን ያሳረፈው ራሳቸው በፈሳሽ ብዛት ባበጠ ሕፃናት ላይ ነው። ሕመሙ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል፤ በአንጎል ክፍሎች ውስጥ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም የሕፃኑ ራስ ከልክ በላይ ያድጋል። በዚያን ዘመን መድኀኒት ስላልነበረው አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ሬሳቸውም ወደ ኪያሪ ክፍል ይመጣል። ሌሎች ሐኪሞች የሚመለከቱት ትልቁንና ያበጠውን አንጎል ነበረ፤ ኪያሪ ግን ከበስተኋላ ያለውን ትንሹን አንጎልና የአንጎሉን ግንድ አየ። ባየም ጊዜ እነዚህ ክፍሎች ከቦታቸው ወርደው፥ በራስ ቅል ሥር ባለው ትልቅ ቀዳዳ አልፈው፥ ወደ አንገት አጥንት ቦይ ገብተው አገኛቸው።

የ1891 ጽሑፍ

በ1891 ኪያሪ ይህንኑ ነገር በጀርመን የሕክምና ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በአጭሩ አስታወቀ፤ ያየውንም በሦስት ዐይነት ከፈለው። ለእያንዳንዱ ዐይነት ምሳሌ ይሆን ዘንድ ያቀረባቸው ሙታን ሁሉ ለጋ ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የመጀመሪያዋ የ17 ዓመት ልጃገረድ ናት፤ የገደላት ታይፎይድ ሲሆን፥ የትንሹ አንጎል ታችኛ ጫፎች ግን እንደ ምላስ ረዝመው ወደ አንገቷ ወርደው ተገኙ። ሁለተኛው የ6 ወር ወንድ ልጅ ነው፤ አከርካሪው ሳይዘጋ የተወለደ፥ ማለት ዛሬ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው ጉድለት ያለበት ነበረ፤ በእርሱ ላይ ከትንሹ አንጎል ጋር የአንጎሉ ግንድ አብሮ ወርዶ ነበር። ሦስተኛዋ የ5 ወር ሴት ልጅ ስትሆን ትንሹ አንጎሏ ባልተዘጋው የአንገቷ አጥንት በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ታየ።

ስለ ልጃገረዲቱ አንድ ነገር ልንናገር እንወዳለን፤ ጉዳዩ ለዛሬም ቁም ነገር አለውና። ኪያሪ ይህች ልጅ በሕይወቷ ሳለች ከትንሹ አንጎል ወይም ከአንጎል ግንድ የመጣ የሕመም ምልክት እንዳልታየባት መዝግቧል። ያገኘውን አዲስ ነገር ለማግነን ብሎ ሕመሟ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው አላለም። በዛሬው ጊዜ በማግኔት ኀይል የውስጥ አካልን የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ብዙ ሰዎችን ስለሚያይ፥ ትንሹ አንጎላቸው 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ ሳለ ምንም የማያማቸው ሰዎች በየጊዜው ይገኛሉ። ሐኪሞችም እነዚህን ሰዎች በቢላዋ መንካት ይገባል ወይስ አይገባም እያሉ ይመክራሉ። የሥዕል ጉድለት ሁሉ ሕመም እንዳልሆነ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የሰጠው ነገሩን ያገኘው ኪያሪ ራሱ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ክብርን ለባለ ክብሩ

በ1891 የጻፈው አጭር ስለ ነበረ ኪያሪ በዚያ አልረካም። ሬሳ ሲመጣለት እየመረመረ፥ እየቆጠረ፥ እያሣለ ሌላ አምስት ዓመት ያኽል ቆየ። በ1896 በቪየና የሳይንስ አካዳሚ መዝገብ የወጣው ሁለተኛው ጽሑፉ ከውልደት በመጣ ሃይድሮሴፋለስ ላይ የተደረጉ 63 ምርመራዎችን የያዘ ነው፤ ከእነዚህም መካከል 14ቱ ከመጀመሪያው፥ 7ቱ ከሁለተኛው ዐይነት ነበሩ። በዚሁ ጽሑፍ አራተኛ ዐይነት ጨመረ፤ ይህ ትንሹ አንጎል የወረደበት ሳይሆን ከመጀመሪያውም በሚገባ ሳያድግ የቀረበት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሰውየውን ባሕርይ የሚገልጠው ሌላ ነገር ነው። በ1883 በስኮትላንድ ጆን ክሌላንድ የተባለ የአናቶሚ ሊቅ አከርካሪው ያልተዘጋ ሕፃን መርምሮ የትንሹ አንጎልን መውረድ ጽፎ ነበር። ጽሑፉን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ኪያሪ ዝም ቢል ኖሮ የሚከሰው አይኖርም ነበር፤ እርሱ ግን በ1896 ጽሑፉ ክሌላንድ ከእርሱ አስቀድሞ እንዳየ በግልጥ መሰከረለት።

ስም ግን እንደ ሥራ አይከፋፈልም። በ1894 በሃይደልበርግ ዩልዩስ አርኖልድ የተባለ መምህር እንደዚሁ ያለ ጉድለት የነበረበትን አንድ ሕፃን ገልጦ ጻፈ። በ1907 ሽዋልበና ግሬዲግ የተባሉት፥ ከአርኖልድ ዘንድ የተማሩ ሰዎች፥ ሕመሙን የአርኖልድና የኪያሪ ጉድለት ብለው ሰየሙት፤ የመምህራቸው ስምም መጀመሪያ ገባ። በአንድ ሕፃን ላይ የጻፈው ከፊት፥ ብዙዎችን መርምሮ በየዐይነቱ የለየው ከኋላ ሆኖ ለብዙ ዘመን ተነገረ። ክሌላንድም ከስሙ ውጭ ቀረ። ከጊዜ በኋላ ሐኪሞች ነገሩን መርምረው የኪያሪ ጉድለት ማለትን መርጠዋል፤ ይሁን እንጂ አሮጌው ስም ዛሬም በየመጽሐፉ ይገኛል። ኪያሪ ስለዚህ ነገር ክርክር ሳያነሣ ሥራውን መቀጠሉን ብንመለከት ሰውየው ከስሙ ይልቅ ሥራውን የሚወድ እንደ ነበረ እንረዳለን።

የሥራው ስፋት በአንጎል ብቻ አልተወሰነም። በ1899 ከጉበት ደም የሚያወጡት ሥሮች ተዘግተው የሚያደርሱትን ሕመም ገልጦ ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆርጅ በድ ከዚያ በፊት በ1845 ጽፎበት ስለ ነበረ ሕመሙ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። እንደዚህ በሁለት ራቅ ራቅ ባሉ የሰውነት ክፍሎች ላይ ስሙ የቀረለት ሐኪም ብዙ አይደለም።

የመጨረሻው ዘመን

በ1906 ኪያሪ ፕራግን ትቶ ያን ጊዜ በጀርመን መንግሥት ሥር ወደ ነበረችው ወደ ስትራስቡርግ ሄደ። በዚያ የተተካው በፍሪድሪክ ፎን ሬክሊንግሃውዘን ወንበር ነው፤ ይህም ሰው በ1886 ስለ ስፓይና ቢፊዳ ታላቅ ጥናት የጻፈ ሊቅ ነበረ። ስለዚህ ወንበሩ ከአንድ የሕፃናት ጉድለት መርማሪ ወደ ሌላው ተላለፈ ማለት ይቻላል። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ሳያልቅ በግንቦት 6 ቀን 1916 ኪያሪ የጉሮሮ ሕመም ይዞት ከአጭር ጊዜ በኋላ በስትራስቡርግ ሞተ። ዕድሜው 64 ዓመት ነበረ። ያለ ፍርሃት በብዙ ሬሳ መካከል የኖረውን ሰው የገደለው እንደ ቀላል የሚታይ የጉሮሮ ሕመም ሆነ።

ያየው ጸና፤ የገመተው ወደቀ

ታሪክ ጸሐፊ ሰውን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባውምና የተሳሳተበትንም መናገር አለብን። ኪያሪ ትንሹ አንጎል የሚወርደው ከላይ ያለው አንጎል በፈሳሽ አብጦ ስለሚገፋው ነው ብሎ አስቦ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ይታወቃል። በመጀመሪያው ዐይነት ሃይድሮሴፋለስ የሌለባቸው ብዙ ናቸው፤ በአብዛኛው ምክንያቱ የራስ ቅል የኋላ ክፍል ጠባብ ሆኖ ትንሹ አንጎል ቦታ ማጣቱ ነው። በሁለተኛው ዐይነት ደግሞ ፅንሱ በማሕፀን ሳለ ፈሳሹ ባልተዘጋው አከርካሪ በኩል ስለሚፈስ አንጎሉ የሚያስፋው ኀይል አጥቶ የራስ ቅሉ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የኪያሪ ግምት ወድቋል። ነገር ግን በዓይኑ አይቶ የጻፈው፥ በየዐይነቱም የለየው፥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ያየውንና የገመተውን ለይቶ ስለ ጻፈ ግምቱ ሲወድቅ ያየው አብሮ አልወደቀም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት በዚህ መሠረት ላይ ሠርተዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ጄምስ ጋርድነር የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የኪያሪ ጉድለትና የሲሪንጎማይሊያ ክፍተት በአንድ ክር የተያያዙ መሆናቸውን አስተማረ። በእርሱ አስተሳሰብ ፈሳሹ ከአንጎል የሚወጣበት በር ስለሚዘጋ በየልብ ምቱ እየተገፋ ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ማኸል ይወርዳል። በ1994 ደግሞ ኤድዋርድ ኦልድፊልድና የሥራ ጓደኞቹ በኤም አር አይ ተመልክተው ሌላ ገለጻ ሰጡ፤ ይኸውም የወረዱት የትንሹ አንጎል ጫፎች ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ይዘጉና ልብ በመታ ቍጥር እንደ ፓምፕ ቁልቁል እየመቱ ፈሳሹን ከውጭ ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያስገቡታል የሚል ነው። የገለጻው መንገድ ቢለያይም የሕክምናው ሐሳብ አንድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከራስ ቅሉ ሥር ጥቂት አጥንት፥ ከመጀመሪያውም የአንገት አጥንት የኋላውን ክፍል አንሥቶ ቦታውን ያሰፋዋል፤ እንደ አስፈላጊነቱም አንጎልን የሸፈነውን ጠንካራ ሽፋን ከፍቶ ያሰፋዋል። ፈሳሹ መንገድ ሲያገኝ በብዙ ልጆች ላይ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ወደ አንጎል ግንድ የወጣውም እንኳ ሊጠብ ይችላል። የሞቱት ክሮች ግን እንደ ገና አይበቅሉም። ስለዚህ ልጁ ቶሎ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይም ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀርባው ሲጣመም ሐኪሞች ኅብለ ሰረሰሩን በኤም አር አይ ማየት የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የኪያሪ ሁለተኛ ዐይነት የሚገኘው ስፓይና ቢፊዳ ባለባቸው ልጆች ላይ ስለ ሆነ የመከላከሉ ሥራ ከእናት እርግዝና በፊት ይጀምራል። በ1991 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት መሪነት በብዙ አገሮች የተደረገ ጥናት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው አስቀድመው ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን ቢወስዱ ጉድለቱ እንደ ገና እንዳይደርስ 72 በመቶ እንደሚከላከል አሳየ። በ2011 ደግሞ በአሜሪካ የታተመ ጥናት አከርካሪው ያልተዘጋውን ፅንስ ከመወለዱ በፊት በማሕፀን ሳለ መጠገን እንደሚቻል አረጋገጠ። ከተወለዱ በኋላ ከተጠገኑት 82 በመቶዎቹ እስከ አንድ ዓመታቸው ድረስ ፈሳሹን ከራስ የሚያወርድ ቱቦ ሲያስፈልጋቸው፥ በማሕፀን ከተጠገኑት 40 በመቶዎቹን ብቻ አስፈለጋቸው፤ የትንሹ አንጎልም መውረድ ቀነሰ። ኪያሪ በሬሳ ላይ ያየው ጉድለት እንግዲህ ገና ባልተወለደ ሕፃን ላይ ሊሻሻል ተቻለ። ስፓይና ቢፊዳ በአገራችንም በብዛት የሚታይ ጉድለት ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ቪታሚኖች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ያጸደቀችውም ለዚሁና ይህን ለመሰለው ችግር ነው።

ለወጣቶች የቀረ ትምህርት

ከዚህ ሰው ታሪክ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች የሚያገኙት ትምህርት አለ። ኪያሪ አዲስ መሣሪያ አልሠራም፤ ድንገተኛ ብልሃትም አልወረደለትም። እርሱ የነበረው ቢላዋ፥ ጥሩ ዓይን፥ በሚገባ የተያዘም መዝገብ ነው። ሌሎች ሐኪሞች በፊታቸው ያለፈውን ነገር እርሱ ቆጥሮ፥ ለይቶ፥ ዕድሜውንና ምልክቱን ጽፎ ስላስቀመጠው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ሊጠቀሙበት ቻሉ። በመሥሪያ ቤት የሚጻፍ መዝገብም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው ለዛሬ ብቻ የጻፈው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያላወቀው ሰው ባላወቀው ጊዜ ይፈልገዋል። በግዴለሽነት የተጻፈ እንደ ሆነ ያ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ከእርሱ በፊት የሠራውን ሰው አለመካዱ ነው። ክሌላንድን በማስታወሱ የኪያሪ ክብር አላነሰም፤ እንዲያውም ጽሑፉን የሚያነቡ ሁሉ በቀሩት ቃሎቹ ላይ ያላቸው እምነት በዚህ ይጨምራል።

በመጨረሻም የምናስባቸው እነዚያን በ1891 ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ልጆች ነው፤ የ17 ዓመቷን ልጃገረድ፥ የ6 ወሩን ወንድ ልጅና የ5 ወሯን ሕፃን። ስማቸው አልተጻፈም፤ በሕይወታቸውም ሳሉ ሕክምናው ሊረዳቸው አልቻለም። ዛሬ ግን ጀርባው ተጣምሞ፥ እጁ ደንዝዞ፥ ሌሊት ትንፋሹ እየቆመበት ወደ ሐኪም የሚቀርብ ልጅ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ የሚታወቅለት፥ ደክሞም የሚረዳው የሚያገኘው፥ በእነርሱ ላይ በታየው ነገር ነው። የኪያሪን ስም የምንጠራ ከሆነ እነርሱንም አብረን ልናስባቸው ይገባል።